«ከየት ያዘኝ ብትለኝስ?» አንዲት ልጅ የኤችአይቪ ውጤቷ እንዲነገራት የተሄደበት መንገድ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ሰዎችና ከእነሱ ጋር ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው። የምሠራው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክሊኒክ ውስጥ፣ በምክር አገልግሎት ነው። የባለጉዳዮቹን ስም አልጠቅስም። ማን እንደሆኑ ሊያሳብቁ የሚችሉ ጥቃቅን ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ታሪኩ እንዲጻፍ ልጅቷም አያቷም ፈቅደዋል።

ልጅቷና ቤተሰቧ

ነገሩ ሲጀምር ልጅቷ 11 ዓመቷ ነበር። ቫይረሱ የተላለፈባት ከእናቷ ነው። እናቷ በእርግዝናዋ ጊዜ አልተመረመረችም። ምንም ሕክምና ካልተደረገ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ይህ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። የዚህች ልጅ እናት ግን ማወቅም መውሰድም አልቻለችም። ልጅቷ ገና ሕፃን ሳለች ደጋግማ ታመመች። ተመረመረች፤ መድኃኒት ጀመረች። እናቷ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ያሳደጓት የእናቷ እናት ናቸው። «እማማ» ነው የምትላቸው፤ እኛም ክሊኒኩ ውስጥ እንደዚያው እንጠራቸዋለን። የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ማለትም አጎቷ፣ አብሯቸው ይኖራል። ስለ ልጅቷ ጤና የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ለልጅቷ የተነገራት «ደምሽ ደካማ ስለሆነ ነው የምትወስጂው» የሚል ነበር። ትንሽ ሳለች በቂ ነበር። መራራውን ሽሮፕ እማማ እያባበሉ ያጠጧታል። ኋላ ወደ ኪኒን ተቀየረላት፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ማታ። ለዓመታት ሁሉም ነገር ደህና ሄደ።

ችግሩ እንዴት ታየ

በተለመደው ክትትል ላይ ቫይራል ሎዷ ከ1,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ቫይራል ሎድ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ምን ያህል ቫይረስ እንዳለ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንዲህ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ ነው ወይ የሚለው ነው። ልጅቷ የምትወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት ነበር። ቫይረሱ ይህን መድኃኒት በቀላሉ አይላመደውም። ስለዚህ መድኃኒት ስለመቀየር ከማሰባችን በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ማወቅ ነበረብን።

እማማ «ሲስተር፣ እኮ እኔ ነኝ በእጄ የምሰጣት» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይሰጧታል። ልጅቷ ግን መዋጡን ትታለች። አጎቷ አልጋዋን ሲያነሳ ከፍራሹ ሥር የተደበቁ ኪኒኖች አገኘ። ደነገጠ፤ ተቆጣ። «ካልወሰድሽ እንደ እናትሽ ትሞቻለሽ» አላት።

ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ አበላሸ። እስከዚያ ቀን ድረስ እናቷ በምን እንደሞተች ማንም ነግሯት አያውቅም። አሁን የእናቷ ሞትና የራሷ ኪኒን በአንድ ትንፋሽ ተነገራት። ማብራሪያ ግን አልተከተለም። ከዚያ በኋላ ክሊኒክ አልሄድም ማለት ጀመረች። ተለምና ስትመጣም ዝም ትላለች።

ብቻዋን ሳነጋግራት ብዙ ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ደሜ ደካማ ከሆነ ሁልጊዜ ጥሩ ነሽ የምትሉኝ ለምንድን ነው? ጥሩ ከሆንኩስ ለምን እውጣለሁ?» ጥያቄዋ ትክክል ነው። ትሮጣለች፣ ትጫወታለች፣ በትምህርቷ ጎበዝ ናት። የተነገራት ምክንያት በራሷ ላይ ከምታየው ጋር አይገጥምም። ምክንያቱን ያላመነችበትን መድኃኒት ደግሞ በየማታው መዋጥ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

አዋቂዎቹ ምን ያስቡ ነበር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ ካርድ ላይ «አሳዳጊው ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ እዚያው ይቆማል። ፈቃደኛ ያልሆነበት ምክንያት ሳይጠየቅ ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ ግን ያድጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ለትምህርት የደረሱ፣ ማለትም ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ውጤታቸው እንዲነገራቸው ይመክራል። ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ እንደ መረዳት አቅማቸው ቀስ በቀስ ይነገራል። ይህንን ለእማማ ነግረናቸዋል። አልተቃወሙም። ግን አንድም እርምጃ አልተራመዱም።

አጎቷ ይነገራት ባይ ነበር። የእሱ ሐሳብ ግን «ትወቀውና ትፍራ፤ ስትፈራ ትወስዳለች» የሚል ነበር። እማማ በበኩላቸው በየጊዜው የተለያየ ምክንያት ይሰጡናል። ገና ልጅ ናት። ለጓደኞቿ ታወራለች፤ ከዚያ ማን ያስጠጋታል? ታዝናለች፤ ትምህርቷን ትተዋለች። እነዚህ ስጋቶች ከባዶ የመጡ አይደሉም። ሰው ሲገለል ምን እንደሚመስል እማማ በገዛ ልጃቸው አይተውታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስጋት ጊዜ ሰጥተን ተነጋገርን። ያዳምጣሉ፣ «እውነትሽን ነው» ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ «እስቲ ለከርሞ ይሁን» ብለው ይነሳሉ።

ነገሩ ሲደጋገም ያልተነገረን ሌላ ነገር እንዳለ ገባን። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ጥያቄውን ቀየረችው። ለምን እንደማይነግሯት መጠየቋን ተወችና «እማማ፣ ቢነግሯት ቀጥላ ምን ብላ የምትጠይቅዎት ይመስልዎታል?» አለቻቸው።

ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ከየት ያዘኝ ትለኛለች» አሉ። ከዚያ አለቀሱ።

እማማ ልጃቸውን አስታመው የቀበሩ ናቸው። በዚያ ወቅት ሰው ስለ ልጃቸው ያወራውን ሰምተዋል። ለልጅ ልጃቸው ግን እናቷን ሲያነሱ የሚነግሯት ስለ ደግነቷ፣ ስለ ሳቋ፣ ስለ ጎበዝነቷ ነው። «ከእናትሽ ነው» ካሏት ልጅቷ እናቷን የምትጠላት መሰላቸው። «ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብራትም» አሉን። ከዚህ ሥር ደግሞ ሌላ ሸክም ነበር። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ሳለች ተመርመሪ ብለው አለመገፋፋታቸው ዓመታት ሙሉ ሲያብሰለስላቸው ኖሯል። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

እኔ ከዚህ ጉዳይ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የልጅቷ ዕድሜ ዋናው እንቅፋት አልነበረም። እማማ የፈሩት አንድ ጥያቄ ነበር፣ እሱም ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ ሟች ልጃቸው። ያንን ጥያቄ ሳንነካ ስለ ልጆች መብትና ስለ መመሪያ ብንነግራቸው ዘላለም «ለከርሞ» እንደተባለ ይቀር ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ እማማን ብቻቸውን መቀጠር ጀመርን። የእነዚያ ቀጠሮዎች ርዕስ ልጅቷ አልነበረችም። ስለ ልጃቸው እንዲያወሩ ነው ያደረግነው። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በምጥና በጡት ማጥባት ጊዜ እንዴት እንደሚተላለፍ ቀስ አድርገን አስረዳናቸው። ያላወቁትን ነገር መከላከል እንደማይቻል ነገርናቸው። ልጅቷ በሕፃንነቷ የተከፈተላትን ካርድም አብረን አየን። እዚያ ላይ ልጅቷን ለምርመራ ይዛ የመጣችው እናቷ እንደሆነች ተጽፏል። እማማ ይህን ረስተውት ነበር። ካርዱን ይዘው ደጋግመው አስነበቡን።

አጎቷን ለየብቻ አነጋገርነው። ልጅቷ የጠየቀችኝን በእሷው ፈቃድ ነገርኩት። ሲሰማው ዝም አለ። ከዚያ እህቱን ካጣ ወዲህ እሷንም አጣታለሁ የሚለው ፍርሃት እንደማያስተኛው ነገረን። ማስፈራራቱን እንዲያቆም ተስማማን። ቤት ሄዶም በራሱ ተነሳሽነት ልጅቷን ይቅርታ ጠየቃት።

ከልጅቷ ጋር ደግሞ የበሽታውን ስም ሳንጠራ፣ ግን ሳንዋሽ መነጋገር ጀመርን። «ደካማ ደም» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም ተውነው። በደሟ ውስጥ ቫይረስ እንዳለ፣ ቫይረሱ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ሕዋሳትን እንደሚያጠቃ፣ መድኃኒቱ ደግሞ እንዳይባዛ አስተኝቶ እንደሚያቆየው በሥዕል አሳየናት። ኪኒኑ ሲቋረጥ የተኛው ይነቃል። «ጥሩ ነሽ የምንልሽ መድኃኒቱ ሥራውን ስለሠራ ነው» አልናት። ይህ የጠየቀችውን ጥያቄ በቀጥታ መለሰላት። ሥዕሉን አጥፋ ይዛው ሄደች።

ቀጥሎ የመጣው ልምምድ ነው። ይህንን ብዙ ቦታ ሲዘለል አይቻለሁ፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የረዳው ይሄ ይመስለኛል። ነርሷ ልጅቷን ሆና ትጠይቃለች፤ እማማ ይመልሳሉ። «ከየት ያዘኝ?» ስትላቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። በሌላ ቀን «ዝም ብሎ የመጣ ነው» አሉ። ይህ ነገ ተመልሶ የሚያጋልጥ መልስ ስለሆነ እንደገና ሞከርን። ቃሉን እኛ አልሰጠናቸውም። በመጨረሻ የራሳቸው መልስ መጣ። «ከእናትሽ ነው የተላለፈብሽ። እሷም አላወቀችም ነበር። ብታውቅ ኖሮ መድኃኒቱን ወስዳ ትጠብቅሽ ነበር። መታመምሽን ስታይ ግን ይዛሽ ሐኪም ጋ የሮጠችው እሷ ናት።» ድምፃቸው ሳይቆራረጥ እስኪሉት ድረስ ደጋገሙት።

ቀኑን የመረጥነው ከእማማ ጋር ነው። ፈተና የሌለበት፣ ከትምህርት ቤት ዕረፍት የሆነችበት ጊዜ ተመረጠ። እማማ ክሊኒክ ውስጥ እንዲሆን ፈለጉ። የሚናገሩት እሳቸው፣ እኛ ደግሞ አጠገባቸው እንድንሆን ተስማማን።

የተነገራት ዕለት

እማማ በመጀመሪያ ልጅቷ ስለ ቫይረሱ ምን እንደምታስታውስ ጠየቋት። ልጅቷ ሥዕሉን በደንብ አስረዳች። ከዚያ እማማ «ያ ቫይረስ ስሙ ኤችአይቪ ይባላል» አሏት።

ልጅቷ «አውቀዋለሁ» አለች።

የመድኃኒቱን ስም ብልቃጡ ላይ አንብባ ስልክ ላይ ፈልጋው ነበር። መዋጥ ያቆመችውም ከዚያ በኋላ ነው። ለምን እንዳልተናገረች ስንጠይቃት «እማማ እንዳታለቅስ» አለች። ለወራት አያትና ልጅ አንዱ ለአንዱ ሲሉ ያንኑ ነገር ተደባብቀው ኖረዋል ማለት ነው።

ቀጥላ የጠየቀችው እማማ የተለማመዱትን አልነበረም። «ታዲያ ለምን ደምሽ ደካማ ነው አላችሁኝ?» ነበር ያለችው። ንዴቷ በበሽታው ላይ ሳይሆን በመዋሸቷ ላይ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። እማማ ግን «ፈርቼ ነው ልጄ» አሏት። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። ከዚህ የተሻለ መልስ የሚኖር አይመስለኝም።

ስልክ ላይ ምን እንዳነበበች ጠየቅናት። አንዳንዱ ያለ ዕድሜዋ እንደምትሞት ነግሯታል። ይህን በደንብ አስተካከልን። ለኤችአይቪ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ብዙዎችን ከሞት የመለሰው ጥምር ሕክምና የመጣው ደግሞ በ1996 አካባቢ ነው። የምታነበው ብዙ ነገር ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን እንደሚተርክ ነገርናት። መድኃኒቷን ከወሰደች ከሌሎች ልጆች ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ትኖራለች። በመተቃቀፍ፣ አብሮ በመብላት፣ በመጫወት ለማንም አታስተላልፍም። የመጨረሻውን ስትሰማ «እማማን ስስማትስ?» አለች። ለካስ ለወራት እማማን ጉንጫቸው ላይ መሳም ትታ ነበር። እማማ ደግሞ ያደገች መስሏቸው ነበር።

የእናቷ ጥያቄ የመጣው ማታ ቤት ውስጥ ነው። እማማ ያን ጊዜ ብቻቸውን ነበሩ፤ መልሱ ግን በእጃቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ

ቀጣዮቹ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ልጅቷ ኪኒኑን አንድ ቀን ትወስዳለች፣ ሌላ ቀን አልፈልግም ትላለች። ከእማማ ጋር መኮራረፍ ነበር። እማማ «ይኸው፣ ብያችሁ ነበር» እስከ ማለት ደረሱ። በዚህ ጊዜ ያዳነን ቀጠሮውን አስቀድመን ማቀራረባችን ነው። እንደተለመደው ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ ብንላት ኖሮ ያ ሁሉ ቁጣ የሚያዳምጠው ሳያገኝ ይቀር ነበር። በየሳምንቱ እንነጋገር ነበር፤ አንዳንዴ በስልክ ብቻ።

ቀስ እያለ ነገሩ ተለወጠ። መድኃኒቷን የምታስታውሰው በራሷ ሆነ፣ አላርም ሞልታ። እማማ አጠገቧ ይቀመጣሉ እንጂ አያዟትም። ከሦስት ወር በኋላ በተደገመው ምርመራ ቫይራል ሎዷ በጣም ወርዷል። ቀጥሎ በተደረገው ደግሞ በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህ ስለተነገራት ብቻ የመጣ ነው አልልም። ማስፈራራቱ ቆሟል፣ ኪኒኑ በየቀኑ የሚለይበት ሳጥን ተሰጥቷታል፣ ክትትሉም ጠብቋል። ሁሉም አብሮ ነው የሠራው።

የእማማ አንዱ ስጋት ግን በከፊል ደርሷል። ለማን መንገር እንዳለባት ብዙ ተነጋግረን ነበር። ቢሆንም ለአንዲት የቅርብ ጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኝነታቸው ቀዘቀዘ። ወሬው ብዙ አልተዛመተም፣ ልጅቷ ግን ተጎዳች። አያቷ አልተቆጧትም። ከእኛ ጋር ሆና «የምትወስጂው ምንድን ነው?» ለሚል ሰው «የራሴ ጉዳይ ነው» ብሎ መመለስን ተለማመደች። ዝም ማለቷ የሚያሳፍር ነገር ስላለባት ሳይሆን የማወቅ መብት ያለው ማን እንደሆነ የምትወስነው እሷ ስለሆነች ነው። ይህን ልዩነት ለመያዝ ጊዜ ወስዶባታል፤ አሁንም ትጠይቀናለች።

ያልሠሩ ነገሮች

ቤት ሄደው እንዲያነቡላት በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍ ለእማማ ሰጥተን ነበር። ከመሳቢያ አልወጣም። «ስጀምረው እንባ ይቀድመኛል» አሉ። ጽሑፍ ሰጥቶ መሸኘት ብቻውን ለእሳቸው የሚረዳ አልሆነም።

የወጣቶች የድጋፍ ቡድን ውስጥም ገብታ ነበር። ቡድኑ ጥሩ ነው፤ አባላቱ ግን ከ15 ዓመት በላይ ናቸው። የሚያወሩት ስለ ፍቅር ጓደኛ ነው። ልጅቷ ሁለተኛ አልሄድም አለች። የተሻለ የሆነው በዕድሜ በትንሹ ከምትበልጣት አንዲት ልጅ ጋር፣ በሁለቱም ቤተሰብ ፈቃድ፣ ለብቻቸው እንዲገናኙ ማድረጉ ነው።

ሌላ ቤት ውስጥ የሚሠራው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌሎች ቤተሰቦች የወሰድነው የመጀመሪያው ነገር ያ ጥያቄ ነው። አሳዳጊ እንቢ ሲል «ቢነግሩት ቀጥሎ ምን የሚጠይቅዎት ይመስልዎታል?» እንላለን። መልሱ እንደ ቤቱ ይለያያል። አንዳንዷ እናት «አንቺም አለብሽ? ይለኛል» ትላለች፤ የራሷን ውጤት ለባሏ እንኳ አልነገረች ይሆናል። አንዱ አባት «መቼ ነው የምሞተው?» የሚለውን ይፈራል። ያሳደገች አክስት ደግሞ «እናቴ አይደለሽም እንዴ?» የሚለውን ትፈራለች፤ እዚያ ቤት ገና ያልተነገረው ነገር ሁለት ነው። ዝግጅቱ የሚጀምረው ከዚያ ፍርሃት ነው።

ሁለተኛው፣ ኋላ መሰረዝ የሚኖርበት ነገር ለልጅ አለመንገር። የ5 ዓመት ልጅ ስሙን ማወቅ የለበትም። «ሰውነትህን ጠንካራ የሚያደርግ መድኃኒት ነው» ቢባል እውነት ነው፣ ነገም እውነት ሆኖ ይቀጥላል። «ደም ማነስ ነው»፣ «አለርጂ ነው» ከተባለ ግን አንድ ቀን ይፈርሳል። ከሱም ጋር የነጋሪው ታማኝነት ይፈርሳል።

ከመንገር በፊት ልጁ ምን እንደሚያውቅ መጠየቅም ያስፈልጋል። ማንበብ የሚችልና ስልክ የሚነካ ልጅ ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ይዟል። ያነበበው ደግሞ ከእውነቱ የባሰ ሊሆን ይችላል።

አሳዳጊን ዘሎ ልጁን ብቻውን ጠርቶ መንገር ይሻላል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። መድኃኒት ተቋርጦ ጤና ሲጎዳ ጥድፊያቸው ይገባኛል። ቢሆንም እኔ አልስማማም። ልጁ ከኛ ጋር ግማሽ ሰዓት ነው የሚቆየው። ማታ «እናቴስ?» ሲል አጠገቡ የሚኖረው አሳዳጊው ነው። መልስ የሌለው አሳዳጊ ደግሞ ልጁን ከነጥያቄው ብቻውን ይተወዋል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ልጅቷ 13 ዓመቷን ይዛለች። ከቀጠሮዋ ግማሹን ያለ እማማ ታሳልፋለች። ወደፊት ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ ብላ ጠይቃናለች። መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ቫይረሱ የሌለበት ልጅ መውለድ እንደምትችል ነግረናታል። ቫይራል ሎዱ በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ የምናስረዳበትን ጊዜ ደግሞ ከእማማ ጋር እየተነጋገርንበት ነው። እማማ ይህንኛውንም ራሳቸው ሊነግሯት ይፈልጋሉ፤ ልምምዱን ጀምረዋል። አጎቷም እማማ ሲደክማቸው ልጅቷን ይዞ የሚመጣ ሰው ሆኖ ካርዷ ላይ ተመዝግቧል።